ለወፍ የተመቸ ሰፈር

«አንድ ቀን ቢበሉበት ምን አለበት?» የሚለውን ቃል አያ ኸሚስ የሰሙት ረቡዕ ማለዳ፣ ሱብሂ ሰግደው እንደጨረሱ፣ በመኝታ ቤታቸውና በሳሎኑ መካከል ባለችው ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ተናጋሪው የገዛ ልጃቸው ኡበይድ ነበር፤ የሚያናግረውም ሚስቱን ሀውራን። ሀውራ ምን ብላ እንደመለሰች አልተሰማም። ባሏ ሲሳሳት ብርጭቆ ማጠብ ልማዷ ነውና ብርጭቆ ሲታጠብ ብቻ ተሰማ። ማን ምን ሊበላ እንደሆነ ለአያ ኸሚስ ወዲያው አልገባቸውም። የገባቸው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ማሽላቸው ሊሄዱ ሳሎን ሲወጡና፣ እንደ ሁልጊዜው ሳያዩ እጃቸውን ወደ በሩ ሚስማር ሲሰዱ ነው። ሚስማሩ ላይ ምንም የለም። ወፍ የሚያባርሩበት ወንጭፋቸው ተነሥቷል።

ሩቅ ግን አልሄደም። ቡፌው ውስጥ፣ በመስታወቱ በስተጀርባ፣ ከወርቅ ቅቡ ሲኒዎች ጎን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ቡፌውም ተቆልፏል። ሲኒዎቹ ከጀዳ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው፤ እስካሁን ማንም አልጠጣባቸውም። በዚያ ሳሎን ውስጥ ከጀዳ ያልመጣ ነገር ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሐምራዊው ሶፋ፣ ኮርኒሱ፣ ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ ያልተላጠለት ፍሪጅ፣ ቤቱም ጭምር፣ ሁሉም ዙሌይካ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ወለል ወልውላ የላከችው ነው። ዙሌይካ የአያ ኸሚስ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አያ ኸሚስ የልጃቸውን ስኳር በልጃቸው ሻይ ላይ ጨምረው፣ በልጃቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲጠጡ ያፍራሉ፤ አፍ አውጥተው ግን አይናገሩም። የኔ የሚሉት ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከመጨረሻው ቤት ጀርባ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ያለውን ግማሽ ጥማድ ማሽላና ያንን ወንጭፍ ብቻ ነው።

«ቁልፉስ?» አሉ።

«እኔ ጋ ነው» አለ ኡበይድ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ አንገቱ ላይ ፎቶው ያለበት ወረቀት አንጠልጥሏል። «ገምጋሚዎቹ ዛሬ ናቸው፣ አባዬ። ወንጭፍ ካዩ ነጥብ ይቀንሳሉ። ጩኸትም ከሰሙ እንደዚያው። ዛሬን ብቻ ዝም ይበሉልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍ የማይበደልበትን ሰፈር እየመረመረ «ለወፍ የተመቸ ሰፈር» የሚል ሰሌዳ የሚሰጥ ማኅበር አዲስ አበባ አለ ተባለ። ሰሌዳው ከተተከለ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ከመጣ ጀልባ ይከራያል፣ አሳ ይበላል። ይህን መጀመሪያ ያሰበው ሐይቁ ዳር አሳ ቤት ያለው ሙዘይን ነው፤ ሙዘይን ማሰብ ሲጀምር ደግሞ የአንድ አሳ ጥብስ ዋጋ ወዲያው ሃምሳ ብር ይጨምራል። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሙዘይን ሰብሳቢ፣ ኡበይድ ጸሐፊ ሆኑ። ኡበይድ ዲፕሎማውን ይዞ ቤት ከተቀመጠ ሦስተኛ ዓመቱ ነበርና ጸሐፊነቱን እንደ ሹመት ያዘው። ሰሌዳው ከመጣ እንግዶቹን የሚያስጎበኘው እሱ ነው ተብሏል፤ ከእህቱ እጅ ብር መቀበል የሚቀርበት መንገድ አሁን ገና ታይቶታል። እኛ የሰፈሩ ሰዎችም ማክሰኞ ዕለት ሰባ ሆነን ወጥተን ዳርቻውን አጸዳን። ያጸዳነው ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት ነው፤ ቄጠማውን አጨድን፣ አሳ አጥማጆቹ የሚጥሉትን የአሳ አንጀት ቆፍረን ቀበርን፣ ድንጋዩን ሁሉ ኖራ ቀባን። ድመት ያለው ሁሉ ቤት እንዲዘጋባት ታዘዘ። ጎረቤታችን ራዚያ ብቻ «ድመት ዘግታ ያስራበች ሴት ጀሀነም ገባች ብለው ሸሁ አስተምረውናል፣ እኔ ለወፍ ብዬ አልገባም» ብላ እምቢ አለች። ኮሚቴው ተሰብስቦ መከረና ለራዚያ ድመት ቀኑን ሙሉ የሚበቃ ወተት መደበ።

አያ ኸሚስ ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ። ከልጃቸው ጋር አልተጨቃጨቁም፤ እሳቸውና ኡበይድ፣ እናቱ ኑርሀያት ከሞተች ወዲህ፣ ለመጨቃጨቅ የሚያህል ወሬ እንኳ አውርተው አያውቁም። «በላህ?» «በላሁ» ነው ወሬያቸው። የከነከናቸው ሌላ ነው። ዙሌይካ ዓርብ ትገባለች። ከስድስት ዓመት በኋላ መምጣቷ ነው። ምን እናዘጋጅልሽ ቢሏት በስልክ «ምንም አልፈልግ አባዬ፣ የእርስዎን ማሽላ እሸት ብቻ አቆዩልኝ፣ ጠብሼ ልብላ» ነበር ያለቻቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ልጃቸውን የሚያበሏት በገዛ ልጃቸው ብር ያልተገዛ አንድ ነገር ቢኖር ያ እሸት ነው። ሰው ሁሉ በየዓመቱ «ዘንጋዳ ይዝሩ፣ ዘንጋዳ መራራ ነው፣ ወፍ አይነካውም» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ «ለወፍ የማይጥም ለልጄም አይጥማት» ብለው ጣፋጩን ይዘራሉ፤ ከዚያ ሦስት ወር ማማ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ።

ጩኸታቸውን ሐይቅ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «አሃይ!» ሲሉ ውሃው ተቀብሎ ወስዶ እስጢፋኖስ ገዳም ያደርሰዋል፤ አንድ ቀን አሟቸው ሳይጮኹ ቢውሉ አንድ መነኩሴ «አያ ኸሚስ ደኅና ናቸው ወይ?» ብለው ሰው ልከው አስጠይቀዋል። ረቡዕ ዕለት ግን ማማቸው ላይ ወጥተው ዝም አሉ። ወፎቹ መጀመሪያ አላመኑም። ጥቂቶቹ አጥሩ ላይ አርፈው አዩዋቸው። ግሪሳ እንኳ ቢሆን መንግሥት ያግዝ ነበር፤ እነዚህ ግን የሰፈር ወፎች ናቸው፤ ደረተ ቢጫው፣ ድንቢጡ፣ ዋኖሱ፣ አያ ኸሚስን ከነአመላቸው የሚያውቁ። አንዱ ደፍሮ አንድ ዛላ ላይ አረፈ። አያ ኸሚስ ፎጣቸውን አወዛወዙ። ወፉ ፎጣውን አይቶ መብላቱን ቀጠለ። ፊታቸውን አኮማተሩ፣ ዓይናቸውን አፈጠጡ፣ ጥርሳቸውን አሳዩ፤ እነሱ ግን የሚፈሩት ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አልነበረም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከጎረቤቱ ሐይቅ ከአርዲቦ በኩል ሳይቀር የሰማ ሁሉ የመጣ መሰለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ወፍ ግን ይበላዋል።

አራት ሰዓት ገደማ ወርደው ቤታቸው ሄዱ። ሀውራ ብቻዋን ነበረች። ቡፌውን አዩ፤ እሷም አየች። «ቁልፉን ይዞት ሄዷል፣ አባባ። መስታወቱን ልስበረው ብል ደግሞ ዙሌይካ ዓርብ ትመጣለች» አለች። አያ ኸሚስ መኝታ ቤት ገብተው የሟች ሚስታቸውን ሣጥን ከፈቱ። ዙሌይካ በየረመዷኑ፣ በየአረፋው አንዳንድ ሻርፕ ለእናቷ ትልክ ነበር፤ ኑርሀያትም በየጊዜው «ለክት ይሁነኝ» እያለች አጣጥፋ ታስቀምጥ ነበር። ክቱ ሳይመጣ እሷ ሄደች። ሻርፖቹ ሰባት ናቸው፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ዳር ዳሩ ብር የመሰለው። አንዱን አንሥተው ቢያሸቱት የሣጥኑ እንጨት እንጂ የሷ ጠረን የለበትም፤ ለብሳው አታውቅማ። ሰባቱንም በፎጣቸው ጠቅልለው ሲወጡ ሀውራ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያን ሻርፖች «ማን ይወርሳቸው ይሆን?» እያለች በሆዷ ስታስብ ኖራለች፤ ይህን እኛም እናውቃለን። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ገብታ የራሷን፣ የሠርጓን ሻርፕ አመጣችና ጨመረችበት።

ስምንት ሻርፕ ስምንት ዛላ ይሸፍናል። አያ ኸሚስ የበሰሉትን ሳይሆን ለእሸት የደረሱትን፣ ወተቱ ገና ያልደረቀውን እየመረጡ፣ ለሴት ልጅ እንደሚያስሩ ሁሉ በጥንቃቄ አሰሩላቸው። ከሩቅ ላየው ስምንት ረጃጅም ኮረዶች ማሽላው መሐል ቆመው ያወሩ ይመስል ነበር። የቀረውን ለአላህ ሰጥተው ማማው ሥር ቁጭ አሉ። ተናደዋል። ቤታቸው ውስጥ ወንጭፋቸው በመስታወት ተዘግቶባቸው፣ ማሳቸው ላይ አፋቸው ተዘግቶ፣ የራሳቸው እህል ሲበላ ማየት ያናድዳል፤ ማንንም ያናድዳል።

ሐይቁ ዳር ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። ገምጋሚው አቶ ታሪኩ አቅራቢ መነጽሩን አንጠልጥሎ፣ አንዲት ማስታወሻ የምትይዝ ልጅ አስከትሎ በጊዜው ደርሷል። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ሞንታርቦው ተደርድሯል፣ ኖራው ዓይን ይወጋል። ወፍ የለም። ለወትሮው ሽመላው አሳ አጥማጆቹን እንደ ባለዕዳ ሲከተል፣ ይብራው ቄጠማው ውስጥ ሲንጫጫ የሚውልበት ዳርቻ ባዶውን ቀርቷል። ቄጠማውን ያጨድነው፣ አንጀቱን የቀበርነው እኛው ነን፤ ግን ማናችንም ያን ጊዜ ትዝ አላለንም። ሙዘይን «አሁን ይመጣሉ፤ ምሳ ሰዓት ሆኖ ነው» ይላል። አቶ ታሪኩ መነጽሩን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረና ልጅቷን «ሁለት» አላት። እሷም ጻፈች። ቆይቶ አንደኛው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ፌስታል መሆኑ ተረጋገጠ። ኡበይድ ይህን ሲሰማ ክራባቱን ይዞ ሽቅብ ሮጠ።

አባቱ ማሳ ሲደርስ ቆመ። አጥሩ ወፍ ነው፣ ማማው ወፍ ነው፣ ማሽላው በወፍ ጎብጧል።

«አባዬ፣ የኛ ወፎች እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ተጋብዘው ነዋ» አሉ አያ ኸሚስ ሳይነሡ።

«ወደ ሐይቁ ያባሩልኝ። በአላህ፣ አንዴ ብቻ።»

«በምን? ወንጭፌ ቡፌ ውስጥ ነው።»

ኡበይድ ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ አለ፤ ቤቱ ግን ሩቅ ነው። «እሺ ይጩሁ።»

«መጮህም ክልክል ነው ብለኸኛል።»

«የከለከልኩት እኔ፣ አሁን የፈቀድኩትም እኔ» አለ ኡበይድ። «ሰሌዳው ዛሬ ከቀረ እኔ ዓርብ ለዙሌይካ ምን እላታለሁ? አሁንም እጄን ልዘርጋ?»

አያ ኸሚስ ልጃቸውን አዩት። እሱም ከእህቱ እጅ መብላቱ እንደሚያሳፍረው እስከዛሬ አላወቁም ነበር። ግድግዳው ስስ ቢሆንም ይህ አልተሰማም። ተነሥተው ማማው ላይ ወጡ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀሙትን ሁሉ አንድ ላይ «አሃይ!» ብለው ለቀቁት። ማሳው ከነወፉ ብድግ ያለ መሰለ። መንጋው ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በባነሩ ላይ አልፎ ወደ ውሃው ወረደ። አቶ ታሪኩ መነጽሩን አልፈለገውም፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ያ ድምፅ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሙዘይን አንድ አፍታ አሰበ። ቀደም ሲል ሙዘይን ሲያስብ ምን እንደሚሆን ተናግሬያለሁ። «ወፍ ጠሪያችን ናቸው» አለ። «ከአባት ከአያት የወረሱት ሙያ ነው።»

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሞንታርቦውን የያዘው ሰው ሰዓቱ የደረሰ መስሎት የአምባሰል ዘፈን በሙሉ ድምፅ ለቀቀ። ወፎቹ ደነገጡ። ያን ጊዜ ደግሞ አያ ኸሚስ የቀሩትን ሊያባርሩ ሁለተኛ «አሃይ!» አሉ። መንጋው ከሞንታርቦው ሸሽቶ፣ ምግብ ወዳለበት ብቸኛ ቦታ፣ ወደ አያ ኸሚስ ማሳ፣ ተመልሶ ነጎደ። ከዳር ላየው ግን ጠሯቸው፣ ሄዱ ነው። አቶ ታሪኩ «እኚህን ሰው አገናኙኝ» አለ።

ሰው ሁሉ እየተግተለተለ ወጣ። ማሳው ዳር ሲደርስ ዝም አለ፤ ወፎቹ ግን አንገታቸውን እንኳ ቀና አላደረጉም። አቶ ታሪኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቆጠረ፤ አሥራ አራት ዓይነት አለ። ከዚያ ሻርፕ የለበሱትን ማሽላዎች አየ። «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» ኡበይድ ላብ አጠመቀው።

«የባለቤቴ ናቸው፤ አላህ ይርሐማት» አሉ አያ ኸሚስ። «ሳትለብሳቸው ሞተች።»

አቶ ታሪኩ ቆቡን አወለቀ። ማስታወሻ የያዘችው ልጅም መጻፏን ተወች። ወዲያው ከተሸፈኑት ዛላዎች አንዱ ላይ፣ አረንጓዴው ሻርፕ ላይ፣ አንድ ደረተ ቢጫ አረፈ፤ ልጅቷ ፎቶ አነሣችው።

«እህልዎን ሲበሉብዎ ግን አይከፋዎትም?» አለ አቶ ታሪኩ። ሙዘይን ጉሮሮውን ጠረገ። አያ ኸሚስ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸውን አዩት። ኡበይድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ወረቀት በሁለት እጁ ይዟት ነበር፤ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን ሲወስዱት ደብተሩን እንዲያ ይዞ ነበር የቆመው።

«ልጄ ‹አንድ ቀን ቢበሉበት ምን አለበት?› አለ» አሉ።

አቶ ታሪኩ ይህን እንደ ታላቅ ቃል ሁለት ጊዜ አስደግሞ አስጻፈው። ኡበይድ ግን ፊቱ ከኖራው ድንጋይ ነጣ፤ የት እንደተናገረው ያውቃል። «ለሚመጣው ዓመትስ ምን አስበዋል?» ብሎ አቶ ታሪኩ ቀጠለ።

«ኢንሻአላህ ዘንጋዳ እዘራለሁ።»

ራዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው፤ ሳሉ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ ትንሽ ቆይቶ ገበሬው ሁሉ ሳለ። አቶ ታሪኩ «ዘንጋዳ አገር በቀል ነው?» ሲል ሙዘይን እንባውን እየጠረገ «በጣም» አለ። ያም ነጥብ ተጨመረ። ሰሌዳው እዚያው ተሰጠን። ለአያ ኸሚስ ደግሞ ስማቸው በእጅ የተጻፈበት፣ «ባህላዊ ወፍ ጠሪ» የሚል ሰርተፍኬት ተሰጣቸው። ተቀበሉት፤ ማስቀመጫ ስላጡ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

መኪናው ወደ ደሴ ከሄደ፣ ሰውም ወደ ሙዘይን አሳ ቤት ከተመመ በኋላ አባትና ልጅ ማሳው ላይ ቀሩ። አስር ሊደርስ ነው፤ ወፍ ሁለተኛ እራቱን የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ከማሽላው ግማሹ ተበልቷል፤ ግማሹ ገና አለ።

«ሰምተውኝ ነበር?» አለ ኡበይድ በመጨረሻ።

«ግድግዳው ስስ ነው። ቤቱ ሲሠራ ዙሌይካ ብር አንሷት ነበር» አሉ አያ ኸሚስ።

ኡበይድ ዘወር አለ። ከነሙሉ ልብሱ ወደ ቤት ሲሮጥ አየነው፤ ወንጭፉን ይዞ ሲመለስም አየነው። ሀውራ ከኋላው ትከተለዋለች፤ እንደ ልማዷ ዝም ብላ፣ ግን በዚህ ጊዜ እየሳቀች። ኡበይድ ወንጭፉን በሁለት እጁ አድርጎ ለአባቱ ዘረጋ። አያ ኸሚስ አልተቀበሉትም።

«እኔ ወፍ ጠሪ ተብዬ በወረቀት ተጽፌያለሁ» አሉ። «ከእንግዲህ ብጮህ ይመጣሉ እንጂ አይሄዱም። ዓርብ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ውጣ።»

ኡበይድ ጫማውን አወለቀ፣ ክራባቱን ወደ ጀርባው ጣለ፣ ማማው ላይ ወጣ። ወንጭፉን ቢያሽከረክረው ድንጋዩ ፊት ሳይሆን ኋላ ወድቆ ሀውራን ለጥቂት ሳታት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሃይ» አለ። ከደረተ ቢጫዎቹ አንዱ ቀና ብሎ አየው፤ ተመልሶ ጎነበሰ።

«ስብሰባ የምትከፍት አስመሰልኸው» አሉ አያ ኸሚስ።

ደገመው። አሁን ትንሽ ተሻለ፤ አጥሩ ላይ ያሉት ተነሡ። ሦስተኛ ጊዜ ክራባቱን ፈትቶ ጣለና ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ፤ ማሽላው ጫፍ ያሉትም ተነሡ። አያ ኸሚስ ሰርተፍኬቱን መሬት ላይ አንጥፈው ተቀመጡበት፤ ጀርባቸውን ማማው ላይ አስደግፈው፣ ጆሯቸውን ወደ ውሃው አዘነበሉ።

«ከፍ አድርገው» አሉ። «ገዳም ገና አልደረሰም።»